ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ለማን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በአገራችን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የታወቀ ነው። አባት ልጁን ሲመክር፣ ሽማግሌ ባለጋራዎችን ሲያስታርቅ፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲገሥጽ ይህን ቃል ይጠቅሳል። ትርጉሙም፣ የሰው ሥጋው አፈር ሲሆን ስሙ ግን በሕያዋን ዘንድ ይኖራልና ስሙን የሚያስነቅፍ ሥራ አይሥራ ለማለት ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ብዙ ሰውም ከክፉ ሥራ ጠብቋል። ይሁን እንጂ ከምክርነቱ አልፈን እንደ እውነት ቃል ብንመረምረው አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ይገጥመናል። ይኸውም ስሙ ከመቃብር በላይ ያልዋለውን ሰው ምን እንበለው የሚለው ነው። መልካም ሠርቶ ስሙ የጠፋ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ስሙን የሚመዘግብለት ያልነበረው ሰው ሕይወቱ ከንቱ ሆኖ ቀርቷልን?

ጥያቄው ለክርክር ጨዋታ ብቻ የተነሣ አይደለም። በዚህች ምድር ላይ ኖረው ካለፉት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ስማቸው የማይታወቅ ነው። ይህን መጽሔት የምንጽፈውና የምናነበውም ብንሆን ከጥቂት ትውልድ በኋላ አብዛኞቻችን ከእነርሱ ጋር የምንቈጠር ነን። ስለዚህ የሕይወት ዋጋ በስም መታወስ የሚለካ ከሆነ የሰው ልጅ አብዛኛው በከንቱ ኖሯል ማለት ይሆናል። በስም መታወስ የማይለካ ከሆነ ደግሞ አባቶቻችን በዚህ ምሳሌ ሊያስተምሩን የፈለጉት ሌላ ነገር ሊኖር ይገባል።

በመጀመሪያ የሰው ስም በምን ምክንያት እንደሚተርፍ እንመልከት። አንደኛው ምክንያት ሥልጣን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የነገሥታቱን፣ የመሳፍንቱንና የጦር አለቆቹን ስም ከነሥራቸው አቆይቶልናል። ከሴቶችም እንደ እቴጌ ምንትዋብና እንደ እቴጌ ጣይቱ ያሉት በዙፋን አጠገብ ስለ ነበሩ ስማቸው ተጽፏል። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱን ተከትለው እስከ ዓድዋ የሄዱት፣ በየሰፈሩ እህል የፈጩት፣ እንጀራ የጋገሩት፣ ውኃ የቀዱት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሴቶች በአንድነት «ሴቶቹ» ተብለው ከማለፍ በቀር ለየራሳቸው ስም የላቸውም። ያለ እነርሱ ግን ያ ሠራዊት አንድ ሳምንት እንኳ መንገድ ባልቀጠለም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጥቅም ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለ ነበር፣ ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን በሁለቱም በኩል እየቈጠረ መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው አባት ድረስ መድረስ ነበረበት። በዚህ ጊዜ የሴት አያቶች ስም በሙግት አደባባይ በምስክር ፊት ይጠራ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በዐዋጅ ከተወሰነ በኋላ ግን ይህ ቈጠራ ለሙግት የማያስፈልግ ሆነ፤ ከቈጠራውም ጋር ብዙ ስም ጠፋ። ሦስተኛው ምክንያት ሕግ ነው። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንዳይደርስ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለ ተከለከለ፣ ሽማግሌዎች የሙሽራውንና የሙሽራይቱን ትውልድ ይቈጥራሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሰውዬው ራሱ ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረ አይጠይቅም። ሥልጣን የሚጠይቀው ማዕረጉን ነው፤ ርስት የሚጠይቀው ድርሻውን ነው፤ የጋብቻ ሕግም የሚጠይቀው ደሙን ነው። በዚህ ላይ እኛ በአባታችን ስም የምንጠራ ስለ ሆንን እናት ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምራ ከስማችን ውጭ ናት። አንድ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ሲጽፍ ሦስት ትውልድ ቈጠረ ይባላል፤ እነዚያን ሦስት ሰዎች በማሕፀን የተሸከሙት ሦስት ሴቶች ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ስለዚህ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል ስም የሚውለው በመልካምነቱ ልክ ነው ብለን ከወሰድነው ተሳስተናል። ስም የሚውለው የሚያውለው ሲያገኝ ነው።

ለዚህ አስቸጋሪ ጥያቄ ሦስት ዐይነት መልስ ሲሰጥ ይሰማል። የመጀመሪያው የሃይማኖት ሰዎች መልስ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ስም በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ስለሆነ በሰው መረሳቱ ምንም አይጐዳውም ይላሉ። ይህን የሚያምን ሰው ትልቅ መጽናኛ አለው፤ እኔም ልቃወመው አልነሣም። ነገር ግን ይህ መልስ ሟቹን ከመረሳት ያድነው ይሆናል እንጂ እኛን ከግዴታችን አያድነንም። አምላክ የተራበውን ያውቃል ብለን እንጀራ ከመስጠት እንደማንቀር ሁሉ፣ አምላክ የሞተውን ያውቃል ብለን ከማስታወስ ልንቀር አይገባንም።

ሁለተኛው መልስ ተስፋ የቈረጠ ሰው መልስ ነው። ሁሉም አላፊ ነው፤ የንጉሡም ስም የድኻውም ስም አንድ ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ዋጋ የለውም ይላል። ይህ አነጋገር የብልኅ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ የሚናገረው ሰው ራሱ ስሙ በሐሰት ቢጠፋ፣ ወይም የሠራው ሥራ በሌላ ሰው ስም ቢነገር ሲቈጣ ይታያል። በራሱ ላይ ሲደርስ የሚያስቈጣው ነገር በሌላው ላይ ሲደርስ ከንቱ ነው ሊል አይችልም።

ሦስተኛው መልስ የሚያሞግሱ ሰዎች መልስ ነው። እናት ቅድስት ናት፣ እናት መስዋዕት ናት፣ እናት የአገር ምሰሶ ናት እያሉ ያመሰግናሉ። ከሦስቱ በጣም የሚያታልለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማክበር መስሎ መርሳት ነውና። ሴቲቱ ምን እንዳደረገች፣ ምን እንደ መረጠች፣ በምን እንደ ተቸገረች ሳይጠይቅ «እናት» በሚል አንድ ቃል ይሸፍናታል። ለሁሉ የሚሰጥ ምስጋና ለማንም እንዳልተሰጠ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር በአንድ ሰው ሕይወት መመርመር ይሻላል። ስለዚህ ከቤተሰቤ ያለፈ ታሪክ የአንዲት ሴት ሕይወትና ሞት ላቅርብ። ሴቲቱ የአባቴ እናት እናት ናት። የትውልድ ደረጃዋ አንቱ የሚያሰኛት ቢሆንም፣ ሰው አንቱ ከሚላት ዕድሜ ሳትደርስ የሞተች ስለ ሆነች እኔም አንቺ በሚባለው አነጋገር እጠራታለሁ። ስለ እርሷ የሚታወቀው ሁሉ ያለፈው በአያቴ አፍ ነው። አያቴ ዘጠና ዓመት ገደማ ኖረው ያረፉ ሲሆኑ፣ እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ።

የተወለደችው መንዝ ነው፤ ዘመኑም ክፉ ቀን እየተባለ በሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው የረኃብ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ስለ ፈጀ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ተወልዶ ማደግ ራሱ እንደ ተአምር የሚቈጠር ነው። ባሏ የአንድ መኰንን ወታደር ስለ ነበረ እርሱን ተከትላ በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ባሏ ወደቀ። ይህም ሰው ስሙ በመጽሐፍ የለም፤ ሆኖም የወደቀበት ጦርነት ስም ስላለው ዘመዶቹ «ሰገሌ ላይ ቀረ» ለማለት በቅተዋል። እርሷ ግን አንዲት ሴት ልጅና አንድ ገና በሆዷ ያለ ልጅ ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞረች እህል በመፍጨት፣ ዋጋውንም በእህል በመቀበል ትኖር ጀመር። ከእርሷ የተረፈው ዕቃ አንድ የወፍጮ መጅ ብቻ ነው።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በዓለም ሁሉ በብዙ ዐሥር ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ አለው። ሐኪሞቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የበሽታውም መነሻ በዚያን ጊዜ አይታወቅም ነበር። ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነውና። በየቤቱ ቤተሰቡ በሙሉ ባንድ ቀን ስለሚወድቅ፣ በበሽታው ከሞተው ሌላ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተው ብዙ ነበር። መቃብር ቈፋሪ ስለ ታጣ በአንድ ጕድጓድ ብዙ ሰው ይቀበር ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል።

በዚያ ወር፣ ከቤቷ አጠገብ ከጋሞ አገር የመጣ የሸማኔ ቤተሰብ ይኖር ነበር። በዘር አይገናኙም፤ በቋንቋም ገና በመግባባት ላይ ነበሩ። የዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ በወደቁ ጊዜ እርሷ ልጆቿን ከቤት ዘግታ ውኃና አጥሚት እየያዘች ጧትና ማታ ትመላለስ ጀመር። ዘመዶቿ፣ «የምታጠቢው ልጅ አለሽ፤ ተዪ» ብለው ከለከሏት። የሰጠችው መልስ ግን በቤተሰባችን ውስጥ ሳይለወጥ ኖሯል፤ «ሲያቃስቱ ይሰማኛል» ነው ያለችው። በአምስተኛው ቀን ራሷ ወደቀች፤ በሦስተኛውም ቀን ሞተች። የሚጠባው ሕፃን ከእርሷ በኋላ ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ቈይቶ ሞተ። የሸማኔው ቤት አባወራም አልዳነም፤ ሚስቱ ግን ዳነች። ቀና ብላ ለመሄድ እንደ ቻለችም መጥታ የሰባት ዓመቷን ልጅና ያን መጅ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፤ ልጂቱንም እስክትዳር አሳደገቻት።

የሟቿን ስም ግን ያቈየ ሰው የለም። ልጇ እትዬ ትላት ነበር፤ ጎረቤቱ በልጇ ስም የእገሊት እናት ይላት ነበር፤ የሸማኔውም ሚስት እትዬ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልያዘችም። የከለከሏት ዘመዶች በዚያው ወር አልቀዋል። ፍትሐት አልተደረገላትም፤ የክርስትና ስሟም ስላልታወቀ በኋላ ተዝካር ላውጣ ቢባል በምን ስም ይጸለይላት? የተቀበረችበት ቦታም አይታወቅም።

በዚያው ወር፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው በሽታ፣ ከእርሷ ጋር በዕድሜ የሚቀራረቡት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በጽኑ ታመው ድነዋል። ይህንንም በኋላ ዘመን ራሳቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ ጽፈውታል። የአገር መሪ መታመሙ ለአገር ትልቅ ነገር ስለሆነ መጻፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሽታው በሁለቱ መካከል ልዩነት አላደረገም፤ ልዩነቱን ያደረገው ብዕሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ይህች ሴት ያደረገችው ትክክል ነውን? ይህን የምጠይቀው ለማስተዛዘን አይደለም፤ አያቴ ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ የጠየቁት ስለሆነ ነው። «ለሰው ስትል እኛን ጣለችን» ይሉ ነበር። የሚጠባውን ወንድማቸውን ሞት ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ያቺን ሴት በፊታቸው ስናመሰግን ደስ አይላቸውም፤ በፊታቸው ስንነቅፋትም አይወዱም። ይህም የሁለት አሳብ ሰው ጠባይ አይደለም፤ ነገሩ በእውነት ሁለት ገጽ ያለው ስለሆነ ነው።

የሚነቅፋት ወገን እንዲህ ሊል ይችላል። ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የራሱ ለሆኑት ባለዕዳ ነው። እናት ለልጇ ያላት ግዴታ በምርጫ የመጣ ስላይደለ በምርጫ የሚተው አይደለም። ጎረቤትን መርዳት በጎ አድራጎት ነው፤ ልጅን ማሳደግ ግን ግዴታ ነው። በበጎ አድራጎት ምክንያት ግዴታውን ያፈረሰ ሰው፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ምጽዋት እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ በቀላሉም የሚወድቅ አይደለም።

የሚደግፋት ወገን ደግሞ፣ «ተመልከቱ፤ የረዳቻት ሴት ልጇን አሳደገችላት፤ ልጂቱም ወልዳ ከበደች፤ ጸሐፊውም ራሱ ከዚያ ዘር ነው» ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ክርክር ደካማ ነው። ምክንያቱም እርሷ አጥሚቱን ይዛ ስትወጣ ይህ እንደሚሆን አታውቅም ነበር። የሸማኔው ሚስት ብትሞት ኖሮ አያቴም ምናልባት ይሞቱ ነበር፤ የእርሷ ሥራ ግን ያው ይሆን ነበር። መጨረሻው ስላማረ ሥራው አማረ የምንል ከሆነ፣ መጨረሻው ባያምር ያንኑ ሥራ ክፉ ልንለው ነው። የእኔ በሕይወት መኖር ለእርሷ መልካምነት ማረጋገጫ አይሆንም። በዚያ ላይ የሞተው ሕፃን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ይገባል? አንዱ ልጅ ስለ ዳነ የሌላው ሞት አይሰረዝም።

እንግዲያስ በምን እንፍረድ? ሥራ ሊመዘን የሚገባው ሠሪው በዚያን ሰዓት ባወቀውና በሰማው ነው። እርሷ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ አታውቅም ነበር፤ የሚያውቅም ሐኪም በአጠገቧ አልነበረም። ጊዜው በሽታ በየቤቱ የገባበት ስለ ነበረ፣ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ልጆቿን እንደሚያድን ማንም ሊያረጋግጥላት አይችልም ነበር። እኛ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በገባ ጊዜ ከጎረቤታችን መራቅ ጎረቤትን መውደድ መሆኑን ተምረናል፤ ይህ ግን ከዕውቀት የመጣ ሕግ ነው። ያንን ሕግ ወደ 1911 ዓ.ም. ወስደን ብንፈርድባት ያልተሰጣትን ዕውቀት እንደ መጠየቅ ይሆናል። እርሷ የነበራት ዕውቀት አንድ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ሰው ያቃስታል፤ ውኃ ቢሰጡት ይጠጣል፤ ካልሰጡት ይሞታል።

ከዚህም ሌላ፣ ከላይ የተባለው የግዴታና የበጎ አድራጎት ልዩነት በሰላም ጊዜ የሚሠራ ልዩነት ነው። ሌላ ረዳት ባለበት ጊዜ ጎረቤትን መርዳት በጎ አድራጎት ሊባል ይችላል፤ ረዳት እርሷ ብቻ በሆነችበት ሰዓት ግን የቀረበ ሰው ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ እርሷ ግዴታን ትታ በጎ አድራጎትን አልመረጠችም፤ በሁለት ግዴታዎች መካከል ቆማ ነበር። በሁለት ግዴታዎች መካከል የቆመ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ አንዱን ይበድላል። ይህ ነው የነገሩ መራራነት። እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ያደረገችው ትክክል ነበር፤ ትክክል ቢሆንም ልጇን በድሏል። የአያቴም ቅሬታ እውነት ነበር፤ እውነት ቢሆንም የእናታቸውን ሥራ አያፈርሰውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ የማይቻል የሚመስለው ሰው፣ መልካም ሥራ ያለ ዋጋ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

አንባቢ ምናልባት፣ ስለ አንዲት ስሟ እንኳ ስለማይታወቅ ሴት ይህን ያህል መመራመር ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። የሚጠቅመው ይህ ነው። ይህችን ሴት «ቅድስት እናት» ብለን አመስግነን ብናልፍ ኖሮ ያ አስጨናቂ ምርጫዋ ይጠፋ ነበር። ሰውን ማክበር ማለት ምርጫውን ከነክብደቱ ማየት ነው። ለነገሥታቱና ለጦር አለቆቹ ይህን እናደርግላቸዋለን፤ ይህን ቢያደርግ ኖሮ፣ ያን ባያደርግ ኖሮ እያልን እንከራከርላቸዋለን። ለአንዲት እህል ፈጪም ይህ ይገባታል፤ በእርሷ ፊት የቆመው ጥያቄ በአንድ ንጉሥ ፊት ከሚቆመው አያንስምና።

ከዚህ በኋላ ምሳሌውን እንደገና ብንመለከተው ትርጉሙ ይሰፋል። የዚህች ሴት ስም ከመቃብር በላይ አልዋለም። ሥራዋ ግን ዋለ። እንዴት ቢሉ፣ ያሳደገቻት የሸማኔ ሚስት በጎረቤት የታመመ ሰው ካለ ሳትጠይቅ እህል አትቀምስም ነበር፤ አያቴም ቅሬታቸውን ሳይተዉ ልማዱን ወረሱ። በቤታቸው አጥሚት በተሠራ ጊዜ አንድ ዋንጫ ከደጅ ውጭ ላለ ሰው መውጣቱ የታወቀ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ የማንም ስም የለበትም። መጁም ቢሆን ስም አልተቀረጸበትም፤ በእጅ ብዛት መለስለሱ ብቻ ይታያል። አባቶቻችን ስም ያሉት ምናልባት ይህን ይሆናል፤ መጠሪያን ብቻ ሳይሆን ሰው ከሞተ በኋላ በሌላ ሰው እጅ የሚቀጥለውን ግብር ማለታቸው ነው።

ይህን ማለቴ ግን መጠሪያው አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሥራዋ ስለ ተረፈ ስሟ ቢጠፋ ምን ይላታል ብሎ መጽናናት ለእኛ የሚመች ነው፤ ለእርሷ ግን ፍትሕ አይሆንም። የሠራተኛን ጉልበት ወስዶ ስሙን መተው በሕያው ላይ ቢደረግ በደል ነው፤ በሟችም ላይ በደል ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ በየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ይህ ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን እሳቱን የሚያነዱት ልጆች ብዙዎቹ ስለ ማን እንደሚነድ አያውቁም። ጢሱ ቀርቶ ሰዎቹ ጠፍተዋል።

ስለዚህ ለሟቾቻችን ያለብን ዕዳ ሦስት ነው ብዬ አስባለሁ። አንደኛው እውነት ነው፤ ያልሠሩትን እንዳንጨምርላቸው፣ የሠሩትንም እንዳንቀንስባቸው። እኔ ስለ ቅድመ አያቴ መልክ፣ ጠባይ ወይም ጸሎት አንዳች አልጻፍኩም፤ አልተነገረኝምና። ሁለተኛው ግብር ነው፤ የተቀበልነውን ልማድ ወደ ፊት ማሳለፍ። ሦስተኛው መዝገብ ነው።

ስለ መዝገብ ጥቂት ልናገር፤ ይህ መጽሔት በብዙ የመንግሥት ሠራተኛ እጅ የሚገባ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ነገር በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ክፍል ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቈየ። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በልደት መዝገብ ላይ የአባት ብቻ ሳይሆን የእናት ስም ከነአባቷ ይጻፋል። ይህን የሚሞላ ጸሐፊ ወረፋ በበዛበትና ባለጉዳይ በሚንጫጫበት ሰዓት ሥራው አሰልቺ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም አንድ ስም በተሳሳተ ፊደል ቢጽፍ፣ ወይም ቦታውን ባዶ ቢተወው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው በር ይዘጋበታል። በጥንቃቄ ቢጽፈው ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ለነገሥታት ያደረጉትን እርሱ ለአንዲት እንጀራ ሻጭ ያደርግላታል። መዝገብ መጻፍ ትንሽ ሥራ የሚመስለው ትልቁን ሰው ብቻ ሰው አድርጎ ለሚቈጥር ነው።

መምህራንም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ተማሪ የዓድዋን ዘመን በቃሉ እንዲይዝ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ጋር ግን የሴት አያቱን እናት ስም ጠይቆ እንዲመጣ ቢታዘዝ፣ ከየት እንደ መጣች፣ በምን ሥራ እንደ ኖረች፣ በምን እንደ ሞተች እንዲጽፍ ቢደረግ፣ ታሪክ የሚባለው ነገር በሩቅ አገር የተደረገ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ያደረ መሆኑን ያውቃል። ተማሪዎችም ይህን ለነገ ማለት አይገባቸውም። የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬ አሉ፤ ነገ አይኖሩም። አንድ ምሽት ከምሥክር አጠገብ ተቀምጦ የጠየቀ ልጅ፣ ምሥክሩ ካለፈ በኋላ ዓመት ሙሉ ቢፈልግ የማያገኘውን ያገኛል። ሲጠይቅም መልካሙን ብቻ አይጠይቅ፤ የሚያስቀይመውንም ይጠይቅ። እኔ ቅድመ አያቴን እንደ ሰው ያወቅኋት በተነገረኝ ምስጋና ሳይሆን በአያቴ ቅሬታ ነውና።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የተባለው ቃል እንግዲህ ለሟች የተሰጠ ተስፋ ብቻ አይደለም፤ በሕያው ላይ የተጣለ ሥራ ነው። ስም በራሱ እግር ከመቃብር አይወጣም፤ የሚያወጣው እጅ ያስፈልገዋል። ከእኛ በፊት የነበሩት በእንጀራቸው፣ በውኃቸውና በጡታቸው እዚህ አድርሰውናል። የእነርሱን ስም መጠየቅ፣ መጻፍ፣ በእውነትም መዝኖ ለልጅ መንገር የእኛ ተራ ነው።